የመበለቲቱ ሁለት ናስ ለምን ይዋል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን አባላት፤ በዚህ ጽሑፍ የማቀርብላችሁ ጥናት ከአንድ ጥያቄ የተነሣ ነው። በሙዳየ ምጽዋት የምንጨምረው፣ በሰበካ ጉባኤ አባልነታችን የምንከፍለው፣ በስእለት የምናገባው ገንዘብ በምን ላይ መዋል ይገባዋል? ይህ ጥያቄ በመካከላችን ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚነሣው በሹክሹክታ ነው። አንዱ «ይህንን መጠየቅ ድፍረት ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ ከመንገድ ላይ አንድ ወሬ ሰምቶ ይመጣና ከዚያ ቀን ጀምሮ መስጠቱን ያቆማል። የመጀመሪያው ሳይጠይቅ ይሰጣል፣ ሁለተኛው ሳይጠይቅ ይከለክላል። ስለዚህ መጽሐፍ ቅዱስን፣ የቤተ ክርስቲያናችንን ታሪክና የምንኖርባትን የሐረርን ከተማ አንድ ላይ አድርገን ነገሩን በግልጽ ብንመረምረው ይሻላል ብዬ አሰብሁ። የምማረው የሒሳብ አያያዝ ትምህርት ስለሆነ አንዳንድ ቦታ ወደ ቁጥር ባዘነብል አትታዘቡኝ።

በመጀመሪያ ጥያቄው ለምን በእኛ ዘመን እንደ በረታ እንመልከት። ፈረስ መጋላ ላይ የቆመውን የመድኃኔ ዓለምን ቤተ ክርስቲያን ሁላችንም እናውቀዋለን። ዐፄ ምኒልክ በጨለንቆ ጦርነት ድል አድርገው በ1879 ዓ.ም. ሐረር ከገቡ በኋላ፣ አገሩን እንዲያስተዳድሩ በተሾሙት በራስ መኮንን ዘመን የታነጸ ነው። ቁልቢ ገብርኤልንም ከዐድዋ ድል በኋላ ያሠሩት እኚሁ ራስ መኮንን ናቸው። የዛሬው ትልቁ የቁልቢ ሕንፃ ደግሞ በ1950ዎቹ ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ተሠራ። በዚያን ጊዜ ሥርዓቱ ይህ ነበር፤ አንድ ታላቅ ሰው ቤተ ክርስቲያን ያሠራል፣ መሬት ይተክላል፣ ካህናቱም ከመሬቱ በሚገኘው ይኖራሉ። (መሬቱን የሚያርሰው ገባር ምን ይል እንደነበር ራሱን የቻለ ሌላ ጥናት ይፈልጋል።) ምእመኑ የሚያመጣው በአብዛኛው ጧፍ፣ ዕጣን፣ ዘቢብና የዝክር እህል ነበር። ስለዚህ ወጪና ገቢ የሚባለው ነገር የባለ መሬቱና የአለቃው ጉዳይ ሆኖ ይኖር ነበር።

ይህ ሁሉ በ1967 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ተለወጠ። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ ተብሎ ታወጀ። ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ሐምሌ 19 የቅዱስ ገብርኤል በዓል መሆኑን ልብ በሉ፤ በቁልቢ ስእለት በሚገባበት ዕለት ቤተ ክርስቲያን የምታከራያቸውን ቤቶች አጣች ማለት ነው። ከዚህ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ግን በ1965 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ቃለ ዓዋዲ የተባለውን ደንብ አውጥተው ሰበካ ጉባኤን አቋቁመው ነበር። አቡነ ቴዎፍሎስ ፓትርያርክ ከመሆናቸው በፊት የሐረርጌ ሊቀ ጳጳስ ስለነበሩ ለእኛ ለሐረሮች እንግዳ አይደሉም። ደንባቸው ካህናትንና ምእመናንን በአንድ ጉባኤ አስቀምጦ የአጥቢያውን ገቢና ወጪ አብረው እንዲመሩ ያደርጋል። ዛሬ በሥራ ላይ ባለውም ደንብ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በጉባኤው ተወካይ አላቸው። መሬቱ ሲሄድ ቤተ ክርስቲያናችን ፈጽማ ሜዳ ላይ ያልወደቀችው ይህ አስቀድሞ ስለተዘጋጀላት ይመስለኛል።

እንግዲህ ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ የቤተ ክርስቲያናችን ራስ መኮንን ማን ነው? ሸዋ በር ገበያ ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ ዘርግታ የምትውለው እናት ናት። የቀን ሠራተኛው ነው። ከጡረታው ላይ የዓመት አስተዋጽኦውን የሚከፍለው ሽማግሌ ነው። ገንዘቡ ከታላቅ ሰው ግምጃ ቤት መምጣቱ ቀርቶ ከመቀነት ጫፍ ተፈትቶ የሚመጣ ሆነ። ሰጪው ሲለወጥ የአወጣጡም ሥርዓት መለወጥ ነበረበት፤ እዚህ ላይ ገና ብዙ ይቀረናል።

ወደ ወንጌሉ እንምጣ። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ከቁጥር 41 እስከ 44 ጌታችን በመዝገብ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሕዝቡ ገንዘብ ሲጥል ያያል። ባለጠጎች ብዙ ይጥላሉ። አንዲት ድሃ መበለት መጥታ ሁለት ናስ ትጥላለች። እርሱም ከሁሉ አብልጣ የሰጠች እርስዋ ናት አለ። ስለዚህች ሴት ብዙ ስብከት ሰምተናል፤ ስብከቱም ሁልጊዜ ስለ ሰጪዋ ነው፤ እንደ እርስዋ ስጡ እንባላለን። መልካም ነው። ነገር ግን መጽሐፋችሁን ገልጣችሁ ከታሪኩ በላይና በታች ያለውን አንብቡ። ከእርስዋ በፊት በቁጥር 40 ጌታ የሚገሥጻቸው በጸሎት ርዝመት እያመካኙ የመበለቶችን ቤት የሚበሉትን ጻፎች ነው። ከእርስዋ በኋላ በምዕራፍ 13 መጀመሪያ ደግሞ ከቤተ መቅደስ ሲወጡ ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ የድንጋዩንና የግንቡን ውበት እያደነቀ ያሳየዋል፤ ጌታም ያ ሁሉ ድንጋይ እንደሚፈርስ ይነግረዋል። የምዕራፍ ቁጥር በኋላ ዘመን የገባ ስለሆነ በመካከሉ ቆም ማለት የለብንም። መበለቲቱ በመበለት ቤት በሚበሉ ሰዎችና በሚደነቅ ግንብ መካከል ቆማለች። ጌታ ስጦታዋን አመሰገነ፤ ስጦታዋን የሚቀበሉትን ግን አላመሰገነም። እኔ ይህን ክፍል ሳነብ የሚሰማኝ ይህ ነው፤ የሰጪዋ ፈተና በሁለቱ ናስ አለቀ፣ የተቀባዮቹ ፈተና ግን ከዚያ ጀመረ።

ታዲያ ተቀባዩ ምን ያድርግበት?

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 መልስ ይሰጣል። የመጀመሪያይቱ ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያው የውስጥ ጠብ የተነሣው በገንዘብና በምግብ ክፍፍል ነበር። ከግሪክ አገር የመጡት አይሁድ መበለቶቻችን በየቀኑ ክፍፍል ይዘነጋሉ ብለው አንጎራጎሩ። ሐዋርያት ያንጎራጎሩትን ዝም አላሰኙም። በመልካም የተመሰከረላቸውን ሰባት ሰዎች ሕዝቡ ራሱ እንዲመርጥ አድርገው ሾሙ። ከእነዚያ ሰባት አንዱ ቅዱስ እስጢፋኖስ ነው። እስቲ አስቡት፤ የመጀመሪያው ሰማዕት ወደ ሹመት የመጣው በማዕድ አገልግሎት፣ ዛሬ በምንለው አነጋገር በሰበካ ጉባኤ ሥራ ነው። ገንዘብ መቁጠርና ማካፈል ዝቅ ያለ ሥራ የሚመስላቸው ወንድሞች ይህን ቢያስታውሱት መልካም ነው።

ስለ አገልጋዮች ደግሞ ነህምያ 13፥10-13ን እናንብብ። ነህምያ ከሄደበት ሲመለስ ሌዋውያኑና መዘምራኑ ድርሻቸው ስላልተሰጣቸው ቤተ መቅደሱን ትተው ወደየእርሻቸው ሄደው አገኘ። ሹማምንቱን ተቆጣ፣ አገልጋዮቹንም ሰብስቦ በየቦታቸው አቆመ፣ በዕቃ ቤቱም ላይ አንድ ካህን፣ አንድ ጸሐፊና አንድ ሌዋዊ ከረዳት ጋር ሾመ። የተሾሙበትም ምክንያት የታመኑ ሆነው በመገኘታቸው ነው። ይህ ነገር ለእኛ ለሐረርጌ ልጆች የመጽሐፍ ታሪክ ብቻ አይደለም። በገጠሩ በኩል ክርስቲያኑ በቁጥር ትንሽ በሆነበት ስፍራ አንድ ቄስና አንድ ዲያቆን ከሄዱ የሚተካቸው የለም። በወሎ ወይም በጎጃም አንድ ደብር ቢዘጋ ከወንዙ ማዶ ሌላ ደብር አለ። በእኛ በኩል ግን አንድ ቤተ ክርስቲያን ሲዘጋ ልጅ ክርስትና ለማስነሣት፣ ሙት ለማስፈታት የአንድ ቀን መንገድ መሄድ ሊመጣ ነው። ቄሱም የሄደው ሃይማኖቱን ጠልቶ ላይሆን ይችላል፤ ልጆቹን ምን ያብላቸው? ሐዋርያው በ1ኛ ቆሮንቶስ 9፥13-14 መሠዊያውን የሚያገለግል ከመሠዊያው እንዲካፈል ያስተማረው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሕንፃው ልምጣ። እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ዛሬ በየከተማው ሰው ገንዘብ የሚጠየቀው በብዛት ለሕንፃ ነው። በመንገድ ዳር ጥላ ተዘርግቶ፣ በድምፅ ማጉያ «ለሕንፃው ማሠሪያ» ሲባል፣ ካርኒ ሲቆረጥ ያልሰማ የለም። ሕንፃ ማሠራት በጎ ሥራ ነው። ጥንታዊውን ቤተ ክርስቲያን የሚያፈስ ጣራ ማደስ ደግሞ ግዴታ ነው። ዳሩ ግን ሕንፃ አንድ ልዩ ጠባይ አለው፤ ይታያል። ለአንዲት አሮጊት የተገዛ ዱቄት በሳምንቱ ያልቃል፣ የሠራው ሰው ስም የለበትም። ዕብነ በረድ ግን ይቀመጣል፣ ይመረቃል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል። ስለዚህ ኮሚቴ ሁሉ ወደ ሕንፃው ይሳባል። የድምፅ ማጉያውም እንዲሁ ነው። መስጊድና ቤተ ክርስቲያን በአንድ ሰፈር ተጎራብተው በሚኖሩበት በጀጎል ከተማ ከዓመት ዓመት የሚበልጥ ድምፅ ማጉያ መግዛት ለማን እንደሚጠቅም እኔ ገና አልገባኝም።

ስለ ሕንፃ ገንዘብ በመጽሐፍ ሁለት ታላላቅ ምሳሌዎች አሉን። አንደኛው ዘጸአት 36፥5-7 ነው። ለድንኳኑ ሥራ ሕዝቡ ከሚያስፈልገው በላይ ስላመጣ ሠራተኞቹ ለሙሴ ነገሩት፤ ሙሴም በሰፈሩ አዋጅ አስነግሮ ማምጣቱን አስቆመ። እኔ በዕድሜዬ «በቃን፣ ከእንግዲህ አታምጡ» የሚል የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ አልገጠመኝም፤ የገጠማችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። «በቃ» ለማለት አስቀድሞ ሥራው ስንት እንደሚፈጅ መታወቅ አለበት። ሙሴ ልኩን ያውቅ ነበር። የሥራው ልክና ዋጋ ሳይታወቅ የሚጀመር ሕንፃ ማብቂያ የለውም፤ ማብቂያ የሌለው ሕንፃ ደግሞ የቄሱን ደመወዝም የነዳዩንም ድርሻ ሲበላ ይኖራል።

ሁለተኛው ምሳሌ በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 12 ያለው የንጉሡ የኢዮአስ ታሪክ ነው። ንጉሡ ካህናቱ ከሚገባው ገንዘብ የቤተ መቅደሱን ፍራሽ እንዲያድሱ አዘዘ። እስከ ነገሠ 23ኛው ዓመት ድረስ ግን የታደሰ ነገር አልነበረም። ታሪኩ ካህናቱ ሰረቁ አይልም። ገንዘቡ ለኑሮም ለእድሳትም በአንድ እጅ ሲገባ የእድሳቱ ድርሻ ጠፍቶ ቀረ ብንል የምንሳሳት አይመስለኝም። የተገኘው መድኃኒት ቀላል ነበር። ካህኑ ዮዳሄ አንድ ሣጥን ወስዶ መክደኛውን ነደለና በመሠዊያው አጠገብ አኖረው። ሣጥኑ ሲሞላ የንጉሡ ጸሐፊና ሊቀ ካህናቱ ሁለቱ አብረው እየመጡ ይቆጥሩና ያስሩት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ለጠራቢውና ለድንጋይ ወቃሪው ይከፈላል። የካህናቱ የራሳቸው ገንዘብ ግን ከዚህ አይቀላቀልም ነበር። ከሁለት ወገን የመጡ ሁለት ቆጣሪዎች፣ ለአንድ ጉዳይ የተለየ አንድ ሣጥን። እኔ በዩኒቨርሲቲ ስለ ገንዘብ ቁጥጥር ከተማርሁት ውስጥ ትልቁ ክፍል በዚህ ምዕራፍ አለ።

በዚሁ ምዕራፍ ቁጥር 15 ላይ ከሠራተኞቹ አለቆች ሒሳብ አይቀበሉም ነበር፣ በታማኝነት ይሠሩ ነበርና የሚል ሐሳብ አለ። አንዳንድ አባቶች ይህን እየጠቀሱ ሒሳብ መጠየቅ አያስፈልግም ይላሉ። ቅደም ተከተሉን ግን እንመልከት። ገንዘቡ ለሠራተኞቹ እጅ ከመድረሱ በፊት በሁለት ሰው ፊት ተቆጥሮ ታስሮ ነበር። መተማመኑ የመጣው ከቆጠራው በኋላ ነው።

ሌላም ተቃውሞ አለ። ማቴዎስ 6፥3 ቀኝ እጅ የምትሠራውን ግራ እጅ አትወቅ ስለሚል የቤተ ክርስቲያን ገንዘብ በይፋ አይነገርም የሚሉ አሉ። ይህ ቃል የተነገረው ለሰጪው ነው። ማን ምን ያህል እንደ ሰጠ ይሰወር፤ እንዲያውም የትላልቅ ሰጪዎችን ስም በድምፅ ማጉያ መጥራት ከዚህ ቃል ጋር እንዴት እንደሚስማማ እነዚያው ሰዎች ቢያስረዱን ደስ ይለኛል። ገንዘቡ በምን ላይ እንደዋለ መሰወር ግን ሌላ ነገር ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ገንዘብ ሲያደርስ ብቻውን አልሄደም። በ2ኛ ቆሮንቶስ 8፥18-21 እንደምናነበው አብያተ ክርስቲያናት የመረጡትን ወንድም አብሮት አስኬደ፤ ምክንያቱንም ሲገልጽ በእግዚአብሔር ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነውን ማሰብ ይገባል የሚል ነው። ጳውሎስ የሚታመን ሰው አልነበረምን? ታማኝ ስለሆነ ነው ምስክር የወሰደው።

ሦስተኛውና ከበድ የሚለው ተቃውሞ ከዲድስቅልያ የሚጠቀስ ነው። በዚያ ጥንታዊ ትምህርት ምእመኑ ኤጲስ ቆጶሱን እንዲህ ለምን ሰጠህ፣ ለማን ሰጠህ እያለ እንዳይመረምረው፣ የሚመረምረው እግዚአብሔር እንደሆነ ተጽፏል። ይህን ማቃለል አይገባንም። ነገር ግን ያው ትምህርት መባውና ዐሥራቱ ለሙት ልጆች፣ ለመበለቶች፣ ለችግረኞችና ለመጻተኞች እንዲውል ኤጲስ ቆጶሱን ያዝዘዋል። ትእዛዙም ችግረኛውን በፊቱ በስሙ ለሚያውቅ፣ በገዛ እጁ ለሚያካፍል አባት የተሰጠ ነበር። የቤተ ክርስቲያን አባቶች ራሳቸው ደግሞ በቃለ ዓዋዲ ምእመናንን ወደ ሒሳቡ ጠርተው አስገብተዋል። የተጠራ ሰው ቢገባ ደፋር አይባልም።

ስለ ድሆች ይህን ያህል ስናገር ለጌታ ቤት የሚሰጥ ወርቅና ሐር ከንቱ ነው ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጉም ይህንኑ ጉዳይ አንሥቷል። ክርስቶስን በቤተ መቅደስ ሐር አልብሰን በደጅ በብርድና በራቁትነት ብንተወው ምን ይጠቅማል ሲል ይጠይቃል፤ ንዋየ ቅድሳት ማበርከትን እንደማይከለክል፣ ከዚያ ጋር፣ ከዚያም በፊት ግን ድሃው እንዲታሰብ ያስተምራል። በዚያው በ4ኛው መቶ ዓመት ቅዱስ ባስልዮስ በቂሣርያ ከተማ ዳርቻ ለድሆች፣ ለእንግዶችና ለሕሙማን፣ ለሥጋ ደዌ በሽተኞችም ጭምር ማረፊያ አሠርቶ ነበር።

ይህ ነገር በእኛም አገር ቅርብ ምሳሌ አለው። ከሐረር ወደ ባቢሌ አቅጣጫ ያለውን የቢሲዲሞን ሆስፒታል ታውቃላችሁ። በ1949 ዓ.ም. በጀርመን አገር በቩርዝቡርግ ከተማ የተቋቋመ የሥጋ ደዌ ሕሙማን መርጃ ማኅበር የመጀመሪያ ሥራው ያደረገው ይህን ቦታ ነው። የመጣው ገንዘብ ሐረርን አይተው ከማያውቁ ተራ ሰዎች የተሰበሰበ ነበር። የእኛም ቤተ ክርስቲያን በ1964 ዓ.ም. የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን አቋቁማ በብዙ አውራጃዎች ውኃ አውጥታለች፣ በረሃብ ዘመን እህል አከፋፍላለች። ነገር ግን የኮሚሽኑ ሥራ በአብዛኛው የተሠራው ከውጭ አገር አብያተ ክርስቲያናትና ግብረ ሰናይ ድርጅቶች በመጣ ርዳታ ነው። የእኛ ሙዳየ ምጽዋት ወደ ዕብነ በረድ ሲሄድ የሌላ አገር ሙዳየ ምጽዋት የእኛን ድሃ ይመግባል። ይህን ሳስብ ያሳፍረኛል።

ስለ ቁልቢ ጥቂት ልጨምር። በታኅሣሥና በሐምሌ 19 ከየአገሩ የሚመጣው ሕዝብ ከገንዘብ ሌላ ጥላ፣ ጧፍ፣ ዕጣን፣ ወርቅ፣ ምንጣፍ፣ በሬና በግ ያገባል። ከቤተ ክርስቲያኑ አገልግሎት የሚተርፈው በጨረታ ይሸጣል። ይህ ነውር አይደለም፤ አንድ ሺህ ጥላ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ምን ያደርግለታል? ይሁን እንጂ ከዚያ ቦታ በእግር ጥቂት ሰዓት በሚያስኬድ ርቀት አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን የተቀደደ ጥላ ይዛ፣ በአንድ ጧፍ ቀድሳ ታድራለች ቢባል የሚገርመው ማን ነው? ከሚገባው ስእለት የተወሰነ እጅ በዓይነቱ ሳይሸጥ ለእነዚህ ቢደርስ ስእለተኛው የሚቃወም አይመስለኝም። ጥላውን ያመጣው በታቦት ላይ እንዲዘረጋ ብሎ ነው።

አሁን ሒሳቡን በ100 ብር እንሥራው። ይህ የየትኛውም አጥቢያ ሒሳብ አይደለም፣ ለመነጋገሪያ ያህል የሠራሁት ነው። አንድ አጥቢያ ከሚያገኘው 100 ብር ውስጥ 20 ብር የሀገረ ስብከት ፈሰስ ነው። 80 ይቀራል። ከዚህ ውስጥ 40ውን ለካህናቱ፣ ለዲያቆናቱና ለሌሎች አገልጋዮች አደርገዋለሁ፤ ብዙ መስሎ የሚታየው ካለ የአንድ ኩንታል ጤፍ ዋጋ ጠይቆ ይምጣ። 15 ብር ለነዳያን፣ ለጧሪ አልባ ሽማግሌዎችና ለሙት ልጆች። 10 ብር ለአብነት ተማሪዎችና ለሰንበት ትምህርት ቤት። 10 ብር ለጧፍ፣ ለዕጣን፣ ለመብራት፣ ለውኃና ለጥበቃ። 5 ብር መጠባበቂያ፤ ጣራ በክረምት ሲያፈስ ለልመና እንዳንወጣ። ሕንፃ ከዚህ ውስጥ የለም። ሕንፃ የራሱ ሣጥን፣ የራሱ ካርኒ፣ የተጻፈ የዋጋ ልክና የማብቂያ ቀን ይኑረው። የሚያንሰውን ወይም የሚበዛውን ቁጥር አርሙልኝ፤ ለነዳያን 15 ያልሁት ራሴንም ያንስብኛል። ከሁሉ የማልለቀው ግን ሕንፃው የቄሱንና የመበለቲቱን ድርሻ መንካት የለበትም የሚለውን ነው።

ይህ የማይቻል ነገር አይደለም። እናቶቻችን በየወሩ በሚሰበሰቡበት እድር የገንዘብ ያዡን ሒሳብ እስከ ሳንቲሙ ያውቁታል፤ ድንኳኑ ቢቀደድ፣ ወንበር ቢጎድል ማን ዘንድ እንደቀረ ይነግሯችኋል። ጎረቤቶቻችን ሐረሪዎች በአፎቻቸው ለሠርግና ለሐዘን በማኅበር ሲደጋገፉ ኖረዋል። መጻፍና ማንበብ የማይችሉ ሴቶች ጭምር በቃል ይቆጣጠሩታል። ያቺው እናት እሑድ ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትመጣ ስለ ገንዘቧ አንዳች የማታውቅ እንግዳ ለምን ትሆናለች? በየሦስት ወሩ አንድ ወረቀት በማስታወቂያ ሰሌዳ ቢለጠፍ፣ ከቅዳሴ በኋላም ማንበብ ለማይችሉ በቃል ቢነበብ፣ ወጪው የአንድ ወረቀትና የዐሥር ደቂቃ ነው። ሙዳየ ምጽዋቱ ሲከፈት ከካህናት አንድ፣ ከምእመናን አንድ፣ ከእኛም ከወጣቶች አንድ ሰው ቢቆም ለቆጣሪዎቹ ራሳቸው መከላከያ ነው፤ ሐሜት የሚጎዳው ከሁሉ በፊት ንጹሑን ገንዘብ ያዥ ነውና።

እኛ ወጣቶችም የራሳችን ሒሳብ አለብን። የሰንበት ትምህርት ቤታችን የወር መዋጮ፣ ለጉዞ የሚሰበሰበው፣ ለመዝሙር ልብስ የሚወጣው ገንዘብ አለ። ታላላቆቻችንን ከመጠየቃችን በፊት ይህንኑ ጽፈን በአዳራሻችን ግድግዳ ላይ እንለጥፈው። ከልብስ ማሰፊያውና ከነዳያን ድርሻ የትኛው እንደሚበልጥ ያኔ እናየዋለን።

ለሚመጣው እሑድ ውይይት 2ኛ ነገሥት 12ን፣ ነህምያ 13ን፣ ማርቆስ ከ12፥38 እስከ 13፥2 ያለውን አንብባችሁ ኑ። ከቤታችሁም እናታችሁን ወይም አያታችሁን «እድራችሁ ሒሳብ የሚያሰማው በስንት ጊዜ ነው? የሚያነበውስ ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን ጽፋችሁ አምጡ። የመዋጮ መዝገባችንን ገንዘብ ያዣችን ይዞልን እንዲመጣ ጠይቄዋለሁ፤ እሺ ብሏል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።